የቅጠሉ ጫፍ ለምን አመለጠ? ዳሩ ሳይታጠፍ ስለሚሰፋ አፕሊኬ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኩዊልት (ላይ፣ ሙሌትና ገበር ተደራርቦ የሚሰፋ ብርድ ልብስ) መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። አፕሊኬ፣ ማለትም ቅርጽ ከጨርቅ ቆርጦ ሌላ ጨርቅ ላይ መስፋትን፣ የምሠራው በእጄ ነው፤ የጨርቁን ዳር በመርፌ ጫፍ ወደ ውስጥ እያጠፍኩ። በቅርቡ ዳሩ ሳይታጠፍ እንዳለ በማሽን የሚሰፋውን ልሞክር ብዬ አንድ መሞከሪያ ሠራሁ። አንዲት ወፍና ስድስት ቅጠል ነው። ጨርቁ ተራ ጥጥ ነው። ጀርባውን በሙሉ በካውያ በሚለጠፍ ሙጫ አጣበቅሁት። ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ከዳሩ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ገባ ብዬ በቀጥታ ስፌት ዞርኩት። ሲያልቅ ደስ ይል ነበር። ሁለቴ ካጠብኩት በኋላ ግን የቅጠሎቹ ዳር ተተረተረ፤ የሁለቱ ጫፍ ጭራሽ ከስፌቱ አምልጦ ቆሟል። ወፏ እንደ ካርቶን ደርቃለች። ይባስ ብሎ ፊቷን ወደ ግራ አዙራለች፤ ሥዕሌ ላይ የምታየው ወደ ቀኝ ነበር። ያሰብኩት ለሚወለድ ሕፃን ኩዊልት ልሠራበት ነበር። ልተወው ወይስ የሳትኩት ነገር አለ? ይምከሩኝ።

ምላሽ፦ አትተዪው እህቴ። የሳትሽው ነገር አለ፤ የመጣው ግን ከራስሽ ችሎታ ነው። ዓመታት ሙሉ ዳር ስታጥፊ እጅሽ አንድ ነገር ለምዷል፦ ስፌት ለዳር በተጠጋ ቁጥር ሥራው ያምራል። ለታጠፈ ዳር እውነት ነው። የተቆረጠው ክር ከሥር ተደብቋል፤ ማንም አይነካውም። ዳሩ ካልታጠፈ ግን ያው የለመድሽው ጥንቃቄ ጣጣ ያመጣል።

የዚህ አሠራር ነገሩ ሁሉ ያለው አንድ ውሳኔ ላይ ነው። ዳሩ ይተረተራል። ጨርሶ እንዳይተረተር ማድረግ ያስቸግራል፤ እስከ የት እንደሚሄድ መወሰን ግን በእጅሽ ነው። ክሩ ከዳር እየተመዘዘ ይመጣና ስፌቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ድንበሩ ስፌቱ ነው። ስለዚህ መቀስ ከማንሳትሽ በፊት «ይሄ ቅጠል ስንት ሚሊሜትር ጢም ቢያወጣ ደስ ይለኛል?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። የአቆራረጡ፣ የሙጫውና የስፌቱ ዓይነት ከዚያ መልስ ይከተላል።

አሁን ከመሞከሪያሽ የተረፈ ቁራጭ ካለ አምጪው። ማስመሪያ አስጠጊና በ1 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ክር እንዳለ ቁጠሪ። ዓይን ያደክማል፤ አጉሊ መነጽር ወይም የስልክ ካሜራ ይረዳል። ለኩዊልት የሚሆን የተለመደ ጥጥ ከሆነ 25 አካባቢ ታገኛለሽ። እንግዲህ አስቢው፤ 1 ሚሊሜትር ማለት ሁለት ክር ተኩል ነው። ስፌትሽ ያን ሁሉ ቅጠል የያዘው በሁለት ክር ተደግፎ ነበር ማለት ነው። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ካመለጠሽ ደግሞ በአንድ ክር። እሱ በመጀመሪያው እጥበት ሲመዘዝ ስፌቱ ባዶውን ይቀራል። 3 ሚሊሜትር ገባ ብለሽ ብትሰፊ ግን ሰባት ስምንት ክር አለሽ። ሁለት ሦስቱ ቢመዘዙ እንኳ የቀሩት ከስፌቱ ጋር ተያይዘው ይቆያሉ፤ የተመዘዙት ደግሞ ዳሩ ላይ ለስላሳ ጸጉር ይሆናሉ።

ለመጀመሪያ ሥራ 3 ሚሊሜትር ነው የምመክርሽ። የስፌቱ ርዝመት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ይሁን። ከዚያ ከረዘመ በሁለት ቀዳዳ መሃል ያለው ክር ሾልኮ ለመውጣት መንገድ ያገኛል።

ቀጥሎ የክሩ አቅጣጫ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ዘልዬዋለሁ። ጨርቅ ድርና ማግ ነው። ከድሩ ጋር ትይዩ አድርገሽ ስትቆርጪ፣ ዳር ላይ ያለው ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ርዝመቱን ይዞ ይጋለጣል። የያዘው የማጉ ጫፍ ብቻ ነው። በጣትሽ ነካ ብታደርጊው አንድ ክር እንዳለ ተመዝዞ ይወጣል፤ ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያ ቀጣዩ። በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ ስትቆርጪ ግን ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን የተኛ ረጅም ክር የለም። ድሩም ማጉም ዳሩ ላይ በአጭሩ ያልቃሉ። አንዱ ሌላውን እንደያዘ ስለሚቀር የሚወጣው ብናኝ የመሰለ ትንሽ ጸጉር ነው።

በዓይንሽ እንድታዪው ሁለት ቀጫጭን ቁራጭ ቁረጪ፤ አንዱን በቀጥታ፣ አንዱን በሰያፍ። ሁለቱንም ዳራቸውን በጥፍርሽ አሥር አሥር ጊዜ ፈግፍጊ። የመጀመሪያው ጢም ያወጣል። ሁለተኛው ትንሽ ለስለስ ብሎ ዝም ይላል። ይህን ካየሽ በኋላ የቅጠሉን ንድፍ ጨርቁ ላይ በሰያፍ ማስተኛት እንዳለብሽ ማንም ሊነግርሽ አያስፈልግም። የቅጠል ረጅሙ ጎን ሁለቱም በኩል ወደ ሰያፍ ይጠጋልና መተርተሩ በጣም ይቀንሳል። ጨርቅ ትንሽ ይባክናል፣ እውነት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፦ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጣል። ስለዚህ ሙጫውን አስቀድመሽ አጣብቂና ከዚያ ቁረጪ። ሙጫው ቅርጹን ይዞ ያቆየዋል።

ጨርቁ ራሱም ይለያያል። ባቲክ (በሰም ንድፍ እየተሠራበት የሚቀለም ጥጥ) ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚሸመን ለዚህ ሥራ እንደ እሱ የሚመች ጨርቅ አላገኘሁም። ዘርዛራ ሊኖንና ለስላሳ ፍላኔል ብዙ ይተረተራሉ። የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ ደግሞ ጭራሽ አይተረተርም።

ወደ ጫፎቹ ልምጣ፤ ያመለጡሽ እነሱ ናቸውና። የሾለ ጫፍ ላይ ከሁለቱም ጎን ክር ይጎድላል። ግራው ሁለት ክር፣ ቀኙ ሁለት ክር ሲሄድ መሃል የሚቀር ነገር የለም። «እሺ፣ እዚያም 3 ሚሊሜትር ልግባ» ትዪ ይሆናል። በቁጥር ላሳይሽ። ጫፉ 60 ዲግሪ በሆነ ቅጠል ላይ ከሁለቱም ጎን 3 ሚሊሜትር ገብተሽ ብትሰፊ፣ ሁለቱ ስፌቶች የሚገናኙት ከጫፉ 6 ሚሊሜትር ርቀው ነው። ጫፉ 30 ዲግሪ ድረስ ከሾለ ርቀቱ 12 ሚሊሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ያ ሁሉ ጫፍ በክር ሳይያዝ ይቀራል ማለት ነው። በታጠበ ቁጥር ይቆማል፣ ይጠቀለላል፣ በካውያ ብትጫኚውም ተመልሶ ይነሳል።

እኔ የማደርገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስቆርጥ ጫፉን ትንሽ ደፈን አደርገዋለሁ፤ የሾለ ሳይሆን የተቀረጸ እርሳስ ጥቂት ሲጻፍበት የሚመስለውን ዓይነት። ከሩቅ ሲታይ አሁንም ሹል ነው። ሁለተኛ፣ የቅጠሉን የመሃል ሥር ከግንዱ ጀምሬ በቀጥታ ስፌት እወርድበትና ጫፉን አልፌ መደቡ (ቅጠሉ የሚሰፋበት የሥሩ ጨርቅ) ላይ ሁለት ሦስት ስፌት እጨምራለሁ። ከዚያ በዚያው መስመር እመለሳለሁ። ያቺ መስመር ጫፉን እንደ ችንካር ትይዘዋለች። የሚያይ ሰው የቅጠል ሥር ነው የሚለው። ጫፉን ለመያዝ የሰፋሽው መሆኑን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ።

ስለ ካርቶኗ ወፍ። ሙጫውን ሙሉ በሙሉ መለጠፍ አያስፈልግም። ሙጫው የሚፈለገው ዳር ላይ ነው፤ መሃሉ ያለ ምክንያት ደርቆ ይቀራል። ቅርጹን ሙጫው ተለጥፎበት በሚመጣው ወረቀት ላይ ከሣልሽ በኋላ ከመስመሩ ውጪ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ተርፎ እንዲቀር አድርገሽ በግምት ቁረጪው። ከዚያ መቀሱን ወደ ውስጥ አስገቢና ከመስመሩ በስተ ውስጥ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ትተሽ መሃሉን አውጪው። በእጅሽ የሚቀረው ቀለበት ነው። ያንን ጨርቁ ጀርባ ላይ ለጥፊ፤ አሁን ብቻ በትክክለኛው መስመር ላይ ቁረጪ። ሙጫውና ጨርቁ አንድ ላይ ሲቆረጡ ዳሩ ጥርት ይላል። ወፏም መሃሏ ጨርቅ እንደሆነ ይቀራል። ያወጣሽውን የመሃል ሙጫ አትጣዪው፤ ለትንንሽ ቅጠሎች ይሆናል።

እጅሽ ለ6 ሚሊሜትር እጥፋት ትርፍ መተው ስለለመደ እዚህም ሊተው ይፈልጋል። አይተው። የምትቆርጪው መስመሩ ላይ ነው። ትርፍ የሚያስፈልገው አንዱ ቅርጽ በሌላው ሥር ሲገባ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የክንፉ ሥር ከአካሉ በታች ሲሆን። እዚያ 5 ሚሊሜትር ያህል ይግባ።

ሙጫ ስትመርጪ ማሸጊያው ላይ ለሚሰፋ ሥራ የሚሆን ቀላል መሆኑን እዪ። ስፌት አያስፈልገውም ተብሎ የሚሸጥ ወፍራም ሙጫ አለ። እሱን ማሽን ላይ ብታወጪው መርፌው ይለጠፍበታል፣ ክር ይበጠሳል፣ ስፌት ይዘላል። ወፍሽ የደረቀችበት አንዱ ምክንያት ይሄ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ካውያውን አትጎትቺ፤ አስቀምጪ፣ አንሺ፣ ቀጥሎ አስቀምጪ። ሰዓቱና ሙቀቱ ከሙጫ ሙጫ ይለያያል፤ የተጻፈውን ተከተዪ። ወረቀቱን የምትልጪው ሲቀዘቅዝ ነው። በትኩሱ የላጠች ሙጫውን ከወረቀቱ ጋር ይዛው ትሄዳለች፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው። ጨርቁ አስቀድሞ ቢታጠብ ጥሩ ነው፤ ማለስለሻ ግን አትጨምሪበት፤ ሙጫው እንዳይዝ ያደርጋል።

የወፏ ፊት መዞር ቀላሉ ነው። የምትስዪው በሙጫው ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ የሚለጠፈው በጨርቁ ጀርባ። ሲገለበጥ ቀኝ ግራ ይሆናል። ሥዕሉን ፊቱን ወደ መስኮት መስታወት አድርገሽ ለጥፊና በጀርባው በኩል የሚታየውን ቅጂ። በተለይ ስም ወይም ፊደል የምትሠሪ ከሆነ ይህን ሁለቴ አረጋግጪ። ሙሉ ስም በግልባጭ ቆርጣ የጨረሰች ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

አሁን ለሕፃን ስላሰብሽው። እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር እላለሁ። ለሕፃን በሚሆን ሥራ ላይ የሚጎተት ረጅም ክር መኖር የለበትም። ቀጭን ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል፤ ሕፃናትም ያገኙትን ወደ አፍ ነው የሚወስዱት። ስለዚህ ያ የምናፈቅረው ጢማም ዳር ለግድግዳ ጌጥና ለትልልቅ ሰው ይቆይ። ኩዊልቱንም ወለል ላይ ለመጫወቻ እንጂ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ለሚተኛበት አልጋ አትስጪው። የሕፃናት ሐኪሞች ምክር ከሕፃን መኝታ ውስጥ ብርድ ልብስና ድርብርብ ጨርቅ ሁሉ ይውጣ የሚል ነው። ለሚቀበሉሽ ወላጆች ስትሰጪ ይህን በቃል ንገሪያቸው።

ለሕፃኑ ሥራ ዳሩን የሚሸፍን ስፌት ተጠቀሚ። ምርጫሽ ሁለት ነው። አንዱ ጥቅጥቅ ያለ ዚግዛግ ነው፤ ሳቲን የሚሉት። ወርዱ 2.5 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ 0.4 አካባቢ ሆኖ ክሮቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይተኛሉ። ከሁሉ የሚጠነክረው እሱ ነው። ግን መደቡን ይሰበስበዋል። ከሥሩ የሚቀደድ የስፌት ወረቀት ካላደረግሽ ጨርቁ እንደ ቦይ ይጎብጣል። ሌላው ብላንኬት ስፌት ነው፤ ብርድ ልብስ ዳር ላይ የምናየው፣ ጥርስ ጥርስ ያለው። ለወፏ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ የእጅ ሥራ መልክ ስላለው ለዓይንሽ አይከብድም። ቀጥታው ስፌት መደቡ ላይ፣ ልክ ከዳሩ ተጣብቆ ይሂድ። ጥርሱ ብቻ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ወደ ወፏ ይግባ። ቀጥታው ስፌት ወፏ ላይ ከወጣ ዳሩን አይሸፍንም፤ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ኩርባ ላይ ስትደርሺ ማሽኑ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደገባ ይቁም፣ እግሩን አንሺ፣ ትንሽ አዙሪ፣ ቀጥዪ። መርፌው የት ይቁም? ወደ ውጪ በሚያብጥ ኩርባ ላይ፣ እንደ ወፏ ደረት፣ መርፌው መደቡ ላይ ሆኖ ይዙር። ወደ ውስጥ በሚገባ ኩርባ ላይ፣ እንደ አንገቷ፣ መርፌው ወፏ ላይ ሆኖ ይዙር። ከተገላበጠብሽ በስፌቶቹ መሃል እንደ ሽብልቅ ያለ ክፍተት ይቀራል። ይህን አንዴ እጅሽ ከያዘው አይረሳም። በ5 ስፌት አንዴ ትንሽ ማዞር፣ በ20 ስፌት አንዴ ብዙ ከማዞር ይሻላል።

ዕቃ ላይ ብዙ አልልም። መርፌ 80 ቁጥር ይበቃል፣ ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር ነው፤ ጨርቁ ባቲክ ከሆነ ጫፉ ስለታም የሆነ 70 ወይም 75 ይሻላል። ክር 50 ቁጥር ጥጥ። የክር ቁጥር በጨመረ ቁጥር ክሩ እየቀጠነ እንደሚሄድ አትርሺ፤ መርፌ ላይ ተቃራኒው ነው። ፊቱ ክፍት የሆነ የማሽን እግር ካለሽ ዳሩን እያየሽ ትሰፊያለሽ። ከሌለሽም ይሠራል፤ ቀስ ማለት ነው።

«ዳሩን ሳያጥፉ መስፋት ስንፍና ነው፣ ድሪቶ ያስመስላል» የሚል ሰው ካጋጠመሽ አትናደጂ። ከ200 ዓመት በፊት በአውሮፓና በአሜሪካ ሴቶች ከህንድ የመጣ አበባማ ጥጥ ጨርቅ ላይ ወፉንና አበባውን እየቆረጡ ነጭ መደብ ላይ ይሰፉ ነበር፤ ብሮደሪ ፐርስ ይሉታል። ዳሩን አጥፎ የሚሠራ ነበር፤ ሳያጥፍ በጥቅጥቅ የእጅ ስፌት የሚዞረውም ነበር። ጨርቁ ውድ ስለነበር ትንሿን ቁራጭ ብዙ ቦታ ለማድረስ ነው። የሰነፍ ሥራ አልነበረም።

መቼ ይሰፋ? የላዩ፣ የመሃል ሙሌቱና ገበሩ ከመደራረባቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሁለቱም ይቻላል። ከተደራረበ በኋላ ብትሰፊ አፕሊኬውና ኩዊልቱ በአንድ ስፌት ያልቃሉ፤ ቅርጹም ዙሪያውን ጎድጎድ ብሎ መሃሉ ያብጣል፤ ያምራል። ነገር ግን ለእያንዳንዷ ኩርባ ያን ሁሉ ወፍራም ጨርቅ በማሽኑ ክንድ ሥር ማዞር አለ። ትከሻሽ ያውቀዋል። ለመጀመሪያው ሥራ የላዩን ለብቻው ሰፍተሽ ጨርሺ። ሦስቱ ከተደራረቡ በኋላ ግን ከ10 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ቅርጽ ሁሉ ውስጡ አንድ ሁለት መስመር ይለፍበት። የወፏ ክንፍ ላይ ሦስት የላባ መስመር ይበቃል። መሃሉ ካልተያዘ በታጠበ ጊዜ ክብደቱ ሁሉ ዳሩን ይጎትተዋል።

ወደ ዋናው ከመግባትሽ በፊት አንድ የመጨረሻ መሞከሪያ ሥሪ። ባለ 20 ሴንቲሜትር ካሬ መደብ ላይ አራት ቅጠል ስፊ፦ ሁለቱ በቀጥታ፣ ሁለቱ በሰያፍ የተቆረጡ። ከየጥንዱ አንዱን በ3 ሚሊሜትር ቀጥታ ስፌት፣ ሌላውን በብላንኬት። የቱ የቱ እንደሆነ መደቡ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፊበት፤ በኋላ አስታውሳለሁ ማለት ዋጋ የለውም። ከሌላ ልብስ ጋር አብረሽ አምስት ጊዜ እጠቢው። ሁለት እጥበት አይበቃም። እኔ አንዴ በሁለት እጥበት ተማምኜ ከዘርዛራ ሊኖን የትራስ ልብስ ሠራሁ። በስድስተኛው ላይ ጽጌረዳዎቹ ውላቸው የጠፋ ልቃቂት ሆኑ። ከታጠበ በኋላ የወጣ ክር ካለ በመቀስ ቁረጪው፤ አትሳቢው፤ አንዱን ስትስቢ ጎረቤቱም ይከተላል።

ያመለጡትን ሁለት ቅጠሎች ማዳን ይቻላል። ላላ ያለውን ክር ከርክሚና ከዳሩ 4 ሚሊሜትር ገብተሽ አዲስ መስመር ስፊ፤ የመሃል ሥሩንም ጨምሪበት። ቅጠሉ ትንሽ ቀጠን ይላል፣ ያ ብቻ ነው። ወፏን ግን አትፍቻት። ወደ ግራ እያየች ትቅር። ሥዕሉን በዚህ ጊዜ ሳትገለብጪ ሳይሆን ገልብጠሽ ሌላ ወፍ ቁረጪና በግራዋ በኩል አስቀምጪያት፤ ይህቺኛዋ ወደ ቀኝ ስለምታይ ይተያያሉ። የመጀመሪያዋ ደረቅ፣ ሁለተኛዋ ለስላሳ ትሆናለች። በእጅሽ ዳብሰሽ ልዩነቱን ስታገኚው ጻፊልኝ።